ፓምፕ ውሃ አይስብም፤ ታዲያ ማን ያወጣዋል?

እስቲ ይህን አስቡት። አጎታችሁ መቂ አካባቢ ሽንኩርት ያለማል። ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀምሯል። ተበደረና አንዲት የቤንዚን ሞተር ፓምፕ ገዛ። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ አስቀመጣት፣ ቱቦውን ወደ ታች ለቀቀ፣ የማስነሻ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ከቱቦው ግን ጠብ የሚል ውሃ የለም። ውሃው ከጉድጓዱ አፍ 9 ሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። ፓምፗ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ «የመሳብ አቅም 8 ሜትር» ይላል።

ይህን ጊዜ አንድ ጎረቤት መላ ያመጣል፦ «የጎደለን እኮ አንድ ሜትር ብቻ ነው። ፓምፗን በገመድ አስረን ትንሽ ዝቅ እናድርጋት፤ አንድ ሰው አብሮ ወርዶ ያስነሳታል።»

ሐሳቡ ብልህ ይመስላል። ግን ሰው ይገድላል። በተለያዩ አገሮች ብዙ ሰዎች በትክክል በዚህ መንገድ ሞተዋል። ለምን እንደሚገድል፣ ወረቀቱ «8 ሜትር» እያለ ፓምፗ ለምን ከ5 ሜትር እንኳ ልትቸገር እንደምትችል፣ እና ፓምፕ በደኅና እንዴት እንደሚተከልና እንደሚነሣ አብረን እንይ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአንድ ቀላል እውነት ነው፦ ፓምፕ ውሃ አይስብም።

ፓምፑ ውስጥ ምን አለ?

ሻያችሁን በማንኪያ በፍጥነት አማስሉ። መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ዳር ዳሩ ከፍ ይላል፤ በጣም ካፈጠናችሁት ከብርጭቆው ይፈስሳል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ማለት በቃ ይህ ነው። በማንኪያው ፈንታ ኢምፔለር የሚባል ክንፋም ጎማ አለ። በብርጭቆው ፈንታ ደግሞ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል የብረት ቤት አለ። ውሃ በኢምፔለሩ መሐል፣ «ዓይን» በሚባለው ቀዳዳ ይገባል፤ ክንፎቹ እያሽከረከሩ ወደ ዳር ይወረውሩታል። የቀንድ አውጣው ቅርፊት ወደ መውጫው እየሰፋ ስለሚሄድ የተወረወረው ውሃ እዚያ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይመጣል። የቀነሰው ፍጥነት አይጠፋም፤ ወደ ግፊት ይለወጣል።

በቁጥር እንየው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ፓምፖች በደቂቃ 2,900 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራሉ። የኢምፔለሩ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠርዙ በሴኮንድ 24 ሜትር ይጓዛል። ይህ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አገር አቋራጭ ሚኒባስ አውራ ጎዳና ላይ የሚበርበት ፍጥነት። በዚህ ፍጥነት ድንጋይ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ብትወረውሩ፣ የአየሩን መቋቋም ከተውነው፣ 30 ሜትር ገደማ ይወጣል። ፓምፑም ውሃውን ከሞላ ጎደል ያህሉን ከፍታ መግፋት ይችላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ፓምፑ ውስጥ በውሃ ፈንታ አየር ቢኖርስ? ኢምፔለሩ አየሩንም በዚያው ፍጥነት ይወረውረዋል፣ እሱም 30 ሜትር ይወጣል፤ ግን 30 ሜትር የአየር ዓምድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ያው መጠን ያለው አየር መቂ ላይ 1 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የ30 ሜትር አየር ክብደት ከ3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጋር እኩል ነው። ይህ ማለት ውሃን የአሥር ፎቅ ሕንፃ ያህል መግፋት የሚችለው ፓምፕ፣ ሆዱ አየር ከሆነ ከጉድጓዱ ውሃ የሚያነሣው ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

«ፓምፑን ከማስነሣታችሁ በፊት በውሃ ሙሉት» የሚባለው ለዚህ ነው። ቴክኒሻኖች «ፕራይም አድርጉት» ይላሉ። ፓምፑ ራሱ በውሃ ካልተሞላ ሥራውን መጀመር አይችልም።

ውሃውን የሚገፋው ማን ነው?

ፓምፑ በውሃ ተሞልቶ ሲሽከረከር፣ ውሃው ወደ ዳር ሲወረወር ዓይኑ አካባቢ ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ውሃውን ከጉድጓዱ ወደ ላይ የሚያመጣው ፓምፑ ሳይሆን አየር ነው። በጉድጓዱ ውሃ ገጽ ላይ የተኛው የአየር ክብደት ውሃውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ጭማቂ በስትሮ ስትጠጡም የሚሆነው ይኸው ነው፦ እናንተ ከስትሮው ውስጥ አየሩን ትቀንሳላችሁ፣ ከውጭ ያለው አየር ጭማቂውን ወደ አፋችሁ ይገፋዋል። ፓምፑ ቦታ ያመቻቻል፤ ገፊው አየር ነው።

ይህን ለማወቅ የሰው ልጅ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ፣ የውሃ መሳቢያ መሣሪያ ከ18 ክንድ፣ በዛሬው ልኬት ከ10 ሜትር ገደማ፣ በላይ ከሆነ ጥልቀት ውሃ ማውጣት እንደማይችል ጽፏል። ምክንያቱን ግን ሳተ፤ የውሃው ዓምድ ልክ እንደ ተንጠለጠለ ገመድ በራሱ ክብደት ይበጠሳል ብሎ አሰበ። ትክክለኛውን መልስ ያገኘው ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ቶሪቼሊ ነው። ከውሃ 13.6 ጊዜ የሚከብደውን ሜርኩሪ ወስዶ፣ አየሩ ምን ያህል ከፍታ ያለው የሜርኩሪ ዓምድ መሸከም እንደሚችል አየ። 76 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ካልኩሌተራችሁን አውጡና 76ን በ13.6 አባዙት፤ 1,033 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 10.3 ሜትር ውሃ ማለት ነው። ያ የውሃ አውጪዎቹ ድንበር የአየር ክብደት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ በፓስካል ሐሳብ የእኅቱ ባል ፔሪዬ ሜርኩሪውን ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዊ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ ወጣ። ከፍ ባለ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ከፍታ ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ያንሳል፣ ስለዚህ ግፊቱም ያንሳል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንኖረው ተራራ ላይ ነው። አየር ውሃን ቢበዛ ምን ያህል ከፍታ መግፋት እንደሚችል ተመልከቱ፦

በባሕር ጠለል፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ ላይ፦ 10.3 ሜትር።
ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፦ 8.5 ሜትር።
ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፦ 8.3 ሜትር።
አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፦ 7.7 ሜትር።
ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፦ 7.3 ሜትር።

እነዚህ የመጨረሻ ጣሪያዎች ናቸው፤ ምንም ነገር ሳይባክን፣ አንድም ጠብታ ሳይንቀሳቀስ። በተግባር ግን ከጣሪያው ላይ የሚቆረጥ ብዙ ነገር አለ። የአጎታችሁን ፓምፕ ሒሳብ እንሥራ። የመቂ ከፍታ ከዝዋይ ሐይቅ ብዙም ስለማይለይ ከ8.5 ሜትር እንነሣ። ውሃ ግፊት ሲቀንስበት ወደ እንፋሎት መለወጥ ስለሚፈልግ 0.3 ሜትር ይቀነሳል። ውሃው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ 1 ሜትር ይባክናል እንበል። ፓምፑ ራሱ ውሃው ዓይኑ ጋ ሲደርስ የተወሰነ ግፊት እንዲተርፈው ይፈልጋል፤ ይህን 2.5 ሜትር እንበለው። ለጥንቃቄ ግማሽ ሜትር እንተው። የቀረው 4.2 ሜትር ነው!

ያው ፓምፕ በባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ 6 ሜትር ይደርስ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው «8 ሜትር» ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠለል፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥሩ ቱቦ የተገኘ ቁጥር ነው። ደጋ ላይ ያለ ገዢ እንዳለ ሊያምነው አይገባም። አጎታችሁ የጎደለው አንድ ሜትር ሳይሆን አምስት ሜትር ገደማ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ድንበር ወደ ፓምፑ ለሚመጣው ውሃ ብቻ ነው። ከፓምፑ በኋላ ገፊው ኢምፔለሩ ስለሆነ 30 ሜትርም ከዚያም በላይ መሄድ ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ፓምፑን ለውሃው አቅርቡት፣ ከማሳው ወይም ከሮቶው ቢርቅ ግድ የለም።

ስትተክሉት

የመትከል ሕጎች በመመሪያ ወረቀት ላይ ሲነበቡ አሰልቺ ናቸው። «ገፊው አየር ነው» የሚለውን ከያዛችሁ ግን አብዛኞቹን ራሳችሁ ልትደርሱባቸው ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ጥልቀቱን ለኩ። ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ወደ ጉድጓዱ ልቀቁና ገመዱ ውሃ እስከነካበት ያለውን ርዝመት በሜትር ለኩ። የምትለኩት ግን በክረምት ከሆነ አትታለሉ፤ ግንቦት ላይ ውሃው ይርቃል። ፓምፑ ሲሠራም ጉድጓዱ ከሚሞላበት ፍጥነት በላይ ከወጣ የውሃው ደረጃ ይወርዳል። ሒሳቡን በዝቅተኛው ደረጃ ሥሩት።

መምጠጫ ቱቦው፣ ባለሙያዎች «ሳክሽን» የሚሉት፣ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ከፓምፑ አፍ አይጥበብ። እያንዳንዱ ክርንና እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ካላችሁ ጥቂት ግፊት ላይ ይቆርጣል። ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። ለስላሳ ቱቦ ከሆነ፣ ውስጡ ግፊት ሲቀንስ ከውጭ ያለው አየር ይጨፈልቀዋል፤ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ላይ አድርጋችሁ አየሩን ስትስቡት እንደሚጨረማመተው። መግፊያው ግን ውስጡ ግፊት ስላለው እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ቱቦ ቢሆንም ይሠራል። ሁለቱን ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው።

መምጠጫው ከውሃው እስከ ፓምፑ ድረስ ሳያቋርጥ ሽቅብ ይውጣ። መሐል ላይ ወደ ላይ ጎብጦ እንደገና ከወረደ፣ በጉብታው ውስጥ አየር ይጠራቀምና መንገዱን ይዘጋል።

የቱቦው ጫፍ ላይ ማጣሪያ ያለው ፉት ቫልቭ ይግባ። ፉት ቫልቭ ውሃን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው፤ ፓምፑ ሲቆም የሞላችሁት ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ጫፉ ጭቃው ላይ አይረፍ፣ ደለል ይበላል። ወደ ውሃው ገጽም በጣም አይቅረብ፤ እንደ መታጠቢያ ገንዳ ቀዳዳ ውሃው እየዞረ አየር ይዞ ይገባል። ግማሽ ሜትር ያህል ሰምጦ ቢንጠለጠል ጥሩ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚያታልል ነገር ልንገራችሁ። መግፊያው ላይ ቀዳዳ ካለ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ታዩታላችሁ። መምጠጫው ላይ ቀዳዳ ካለ ግን ፓምፑ ሲሠራ ምንም አይንጠባጠብም፤ ምክንያቱም ውሃ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው። ቱቦው ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፓምፑ ግን ውሃ አያመጣም። መፍትሔው ጎማውን በፋሼታ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ የብረት መገጣጠሚያዎችን በቴፍሎን መጠቅለል ነው። ከተጠራጠራችሁ ፓምፑ እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ሌባው ተያዘ።

የቀረው ስለ መሠረቱ ነው። ፓምፑ የሚቀመጥበት ቦታ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፣ የማይንቀሳቀሰው ዓይነት ከሆነ በኮንክሪት ላይ በብሎን ይታሰር። ቧንቧዎቹ የራሳቸው ድጋፍ ይኑራቸው፤ ክብደታቸው ፓምፑ ላይ ከተንጠለጠለ የፓምፑን ቤት ያጣምማሉ፣ ዘንጉ ይዛባል፣ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል።

ስታስነሱት

ከመነሣቱ በፊት ያለው አሥር ደቂቃ ከሁሉም ይበልጣል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩ መውረዱን አረጋግጡ። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት፤ ያለ ችግር ከዞረ ጥሩ፣ ከተያዘ ኃይል ሰጥታችሁ አታስገድዱት። የሞተር ፓምፕ ከሆነ የሞተሩን ዘይት ልኩ። የመሙያውን ክዳን ክፈቱና ውሃ ሙሉ፤ አረፋው እስኪያልቅና ውሃው እስኪተርፍ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሙሉት። ከገበያ የሚገዙ ብዙ ትናንሽ የቤንዚን ፓምፖች አየሩን ከቱቦው ራሳቸው ማስወጣት ይችላሉ፤ ግን እነሱም ቢሆኑ ሆዳቸው መጀመሪያ በውሃ መሞላት አለበት።

ለምን ይህን ያህል ጭንቀት? ዘንጉ ከፓምፑ ቤት በሚወጣበት ቦታ ላይ ሲል የሚባል ማሸጊያ አለ። ሁለት ለስላሳ ገጾች እርስ በርስ እየተሻሹ ውሃ እንዳይወጣ ይይዛሉ። የሚያቀዘቅዛቸውም የሚያለሰልሳቸውም ያው ውሃ ነው። ፓምፑ ደረቁን ከዞረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላሉ፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ሁልጊዜ ያንጠባጥባል።

ቀጥሎ የመግፊያውን ጌት ቫልቭ ዝጉት፣ ወይም በጥቂቱ ብቻ ክፈቱት። ግራ ይገባል አይደል? ውሃ እንዲወጣ ፈልገን በሩን እንዘጋለን። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ኃይል የሚበላው ውሃ ባንቀሳቀሰ መጠን ነው። በሩ ሲዘጋ ሸክሙ ዝቅተኛ ስለሚሆን ሞተሩ ሳይጨናነቅ ይነሣል። ደግሞ ባዶ ቱቦ ውስጥ ውሃ በአንድ ጊዜ ተወርውሮ ጫፉን በመዶሻ እንደመታው አያናጋውም። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ በሩን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ።

ዘግታችሁ ግን አትርሱት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሞተሩ 1 ኪሎ ዋት ለውሃው እየሰጠ ፓምፑ ውስጥ 3 ሊትር ውሃ ብቻ ካለ፣ ውሃው በየደቂቃው 5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በ20 ዲግሪ የገባ ውሃ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 90 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ የመሙያውን ክዳን የሚከፍት ሰው እንፋሎቱ ፊቱን ያቃጥለዋል። ፓምፑ ከጋለ አጥፉት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ሦስት ፌዝ ሞተር ከሆነ አቅጣጫውን እዩ። ሁለት ሽቦ ከተቀያየረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። የሚገርመው፣ ፓምፑ ወደ ኋላ ዞሮም ጥቂት ውሃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሰው «ደካማ ፓምፕ ሸጡልኝ» ብሎ ያማርራል። ቤቱ ላይ የተሣለውን ቀስት ተመልከቱ። ከተገለበጠ ኤሌክትሪሺያኑ መብራቱን አጥፍቶ ከሦስቱ ሁለቱን ያቀያይራል።

ስለ ደኅንነቱም በአጭሩ። ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ሲሆኑ ቀልድ የለም፦ ሞተሩ ኧርዝ ይኑረው፣ መስመሩ ላይ የ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ብሬከር ይግባ፣ ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። የሚሽከረከረው ዘንግ ሽፋን ይኑረው፤ ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የተፈታ የጫማ ክር ከያዘ አይለቅም። ቤንዚን ስትጨምሩ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ስታቆሙት ደግሞ በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉና ከዚያ ሞተሩን አጥፉ።

ጆሮአችሁን ስጡት

ደኅነኛ ፓምፕ ወጥ ድምፅ አለው። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ግን አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። ጠጠር የለም፤ ውሃው በቀዝቃዛነቱ እየፈላ ነው። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ የሚፈላው ግፊቱ ስለሚቀንስ አይደል? በፓምፑ ዓይን ያለው ግፊት እጅግ ሲቀንስ ውሃው በ20 ዲግሪም ይፈላል። ትናንሽ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊት ወዳለበት ጠርዝ ሲደርሱ በኃይል ይከስማሉ፣ የኢምፔለሩንም ብረት እየነቀሉ እንደ ወንፊት ያደርጉታል። ካቪቴሽን ይባላል። ትርጉሙ ባጭሩ «አየሩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል» ማለት ነው። ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ፣ ቱቦውን ማስፋት ወይም የመግፊያውን በር ጠበብ አድርጎ የሚወጣውን ውሃ መቀነስ ይረዳል።

ወደ አጎታችሁ ጉድጓድ እንመለስ

አሁን የጎረቤትየውን መላ መመርመር እንችላለን። «ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርበው» ማለቱ በፊዚክስ ትክክል ነው፤ እኔም ከላይ ያንኑ ብያለሁ። አደጋው ከፓምፑ ጋር ሞተሩም አብሮ መውረዱ ነው።

ከሰል ያለበት ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ስላልነቁ ሰዎች ሰምታችኋል። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ከቤንዚን ሞተር ማርሚታ የሚወጣውም ይኸው ጋዝ ነው። ከፍታ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እኛ አገር ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይጨምራል።

ስንት ደቂቃ ይበቃል? 200 ሲሲ የሆነች ትንሽ ሞተር በደቂቃ 300 ሊትር ገደማ አየር ትስባለች። ከጭሱ 3 ከመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ብንል በደቂቃ 9 ሊትር ይሆናል። ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 9 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 10,000 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል። ስለዚህ በየደቂቃው 0.09 ከመቶ ይጨምራል። 0.3 ከመቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገድላል፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ከአራት ደቂቃ ያልበለጠ ይበቃል። በሩብ ሰዓት ከ1 ከመቶ ያልፋል፤ ያ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚገድለው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። መሰላል ለመውጣት የሚያስፈልገው ደግሞ ያው ጉልበት ነው።

ሁለት ነገሮች አደጋውን የከፋ ያደርጉታል። አንደኛው የኩራዝ ፈተና ነው። ብዙ ቦታ ጉድጓድ ከመግባት በፊት የበራ ኩራዝ ይወርዳል፤ ካልጠፋ «አየሩ ደኅና ነው» ይባላል። ኩራዝ የሚጠፋው ኦክስጅን በጣም ሲያንስ ነው። ሰው የሚገድለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ኦክስጅኑ ብዙም አይቀንስም፤ ኩራዙ ደምቆ እየበራ ሰውየው ይወድቃል። ሁለተኛው ፍቅር ነው። ወንድሙ ሲወድቅ ያየ ሰው ሳያስብ ዘሎ ይወርዳል፤ እሱም ይቀራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ጉድጓዱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ማንም አይውረድ። ራሱን ላልሳተ ሰው ገመድ ልቀቁለት፣ ከላይ ሆናችሁ ሳቡት፣ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ጥሩ።

ታዲያ ሽንኩርቱ ይድረቅ? አይደለም። ከላይ ስናስብ አየር ካልቻለ፣ ከታች የሚገፋ ነገር እንፈልጋለን ማለት ነው። ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እዚያው ታች ሆኖ ስለሚገፋ የ8.5 ሜትሩ ጣሪያ አይመለከተውም። ኃይሉን ከፀሐይ ፓኔል ወይም ጉድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ከተቀመጠ ጀነሬተር ማግኘት ይችላል፤ ወደ ታች የሚወርደው ገመድና ሽቦ ብቻ ነው፣ ሰው አይወርድም። ማሳው ትንሽ ከሆነ በእጅ የሚዞረው የገመድ ፓምፕም ከዚህ የጠለቀ ውሃ ያወጣል። አጎታችሁ የገዛት ፓምፕም ከንቱ አልሆነችም፤ ወንዝ ዳር፣ ቦይ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር ውሃው ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ባለበት ቦታ በደንብ ትሠራለች።

ስለዚህ ዘመድ ፓምፕ ልገዛ ነው ሲላችሁ፣ ገንዘቡ ሳይወጣ ሁለት ነገር አድርጉለት። ገመድና ድንጋይ ይዛችሁ የውሃውን ጥልቀት ለኩ። ከዚያ የአካባቢውን ከፍታ በስልካችሁ ፈልጉና ሒሳቡን ከላይ እንደሠራነው ሥሩት። የለካችሁት የውሃ ጥልቀት ከሒሳቡ መልስ በላይ ከሆነ፣ «ይህ ፓምፕ ለዚህ ጉድጓድ አይሆንም» በሉት። ቅር ሊለው ይችላል። ቁጥሩን አሳዩት።